የማይሉን ስፒዶሜትር በኪሎሜትር መቀየር፦ ለድሮ ኤምጂቢ ባለቤቶች

መንዳት የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ 40 ማለት የሰፈር ውስጥ ፍጥነት ነው። 80 ደግሞ ከከተማ ወጣ ያለ አስፋልት ነው። አሁን የምኖረው ቶሮንቶ ነው። እዚህም የመንገድ ምልክቱ ሁሉ በኪሎሜትር ነው፤ ካናዳ የፍጥነት ምልክቶቿን ከማይል ወደ ኪሎሜትር የቀየረችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነበር። መኪናዬ ግን በ1973 የተሠራች ኤምጂቢ የምትባል ትንሽ የስፖርት መኪና ናት። እንግሊዝ አገር፣ አቢንግደን ከተማ ተሠርታ ለአሜሪካ ተሸጠች። ከብዙ ዓመት በኋላ ድንበር ተሻግራ እኔ ጋ መጣች። ፍጥነቷን የምትነግረኝ በማይል ነው።

ምልክቱ 100 ሲል መርፌው 62 ላይ መሆን አለበት። 50 ሲል 31። 40 ሲል 25። ቁጭ ብለው ሲያሰሉት ቀላል ነው። ትምህርት ቤት አጠገብ፣ ልጆች እየተሻገሩ፣ ዝናብ እየወረደ ሲሆን ግን ሐሳብ ሁሉ መንገዱ ላይ መሆን አለበት። ስፒዶሜትሩን፣ ማለትም የፍጥነት መለኪያውን፣ ለመቀየር የወሰንኩት ለዚህ ነው።

መፍታትና መግጠሙ ከባድ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ከባዱ ትክክለኛውን ዕቃ መምረጥ ነው። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት መስታወቱ የጠራ፣ ቁጥሮቹ የሚያምሩ፣ ቀዳዳው ውስጥ ልክክ ብሎ የገባ ነበር። ገጥሜ ስወጣ ግን በ80 እየነዳሁ 103 ይላል። ሻጩ «ለኤምጂቢ ይሆናል» ብሎኝ ነበር። ገባ፣ ግን አልሆነም። ምክንያቱን ሳይረዱ ገንዘብ ማውጣት እንደኔ ሁለቴ መግዛት ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

አንድ ሳጥን፣ ሁለት መሣሪያ

በእነዚህ መኪኖች ከካምቢዮው ጎን አንድ ገመድ ይነሳል። ውጪው ሽፋን ነው፤ አይንቀሳቀስም። ውስጡ ያለው የብረት ገመድ መኪናው ሲሄድ ይሽከረከራል። ሌላኛው ጫፉ ዳሽቦርድ ጀርባ መጥቶ ስፒዶሜትሩ ውስጥ ይገባል።

ገመዱ እዚያ ሲደርስ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው መርፌውን ማንቀሳቀስ ነው። ገመዱ ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቱ አጠገብ ስስ የአሉሚኒየም ኩባያ አለ። ሁለቱ አይነካኩም፤ ግን ማግኔቱ ሲዞር ኩባያውን ይጎትተዋል። እንደ ፀጉር የቀጠነች ስፕሪንግ ደግሞ ኩባያውን ወደ ኋላ ትይዘዋለች። መርፌው ኩባያው ላይ ነው የተተከለው። ማግኔቱ በፈጠነ ቁጥር መርፌው ወደ ላይ ይወጣል። ኦቶ ሹልዝ የተባለ ጀርመናዊ ይህን ዘዴ በስሙ ያስመዘገበው በ1902 ነው። ያን ያህል ዘመን ያገለገለ ሐሳብ መሆኑ ባየሁት ቁጥር ይደንቀኛል።

ሁለተኛው ሥራ መቁጠር ነው። ከዚያው ከሚሽከረከረው ዘንግ ትንንሽ ጥርሶች ተነስተው ቁጥር የተጻፈባቸውን ጎማዎች ያዞራሉ። እዚህ ማግኔትም ስፕሪንግም የለም። ገመዱ ይህን ያህል ዙር ሲዞር አንድ ማይል ወይም አንድ ኪሎሜትር ብሎ ይመዘግባል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። የፊቱን ሳህን ብቻ፣ ማለትም ቁጥሮቹ የታተሙበትን ክብ ሳህን፣ በኪሎሜትር ብትቀይሩት መርፌው ትክክል ሊያሳይ ይችላል። 62 የነበረበት ቦታ ላይ 100 ተጻፈ ማለት ነው። ርቀት ቆጣሪው ግን አይሰማም። ጥርሶቹ ያው ስለሆኑ ማይል መቁጠሩን ይቀጥላል። ከአንድ ጉዞ በኋላ ቆጣሪው «103» ሲል ኪሎሜትር ይመስላችኋል፣ በእውነቱ 166 ኪሎሜትር ሄዳችኋል። ዘይት የምትቀይሩት በዚያ ቁጥር ከሆነ ሞተሩ ዋጋውን ይከፍላል።

ከታች ያለችው ትንሽ ቁጥር

ኤምጂቢ ላይ ያለው መለኪያ ስሚዝስ የሚባል የእንግሊዝ ሥራ ነው። ፊቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከታች በኩል በጣም ደቃቅ ቁጥር ታገኛላችሁ። የኔ 1280 ይላል። ይህ ማለት ገመዱ 1280 ጊዜ ሲዞር መለኪያው 1 ማይል ብሎ ይቆጥራል ማለት ነው። በኋለኞቹ፣ ከ1970ዎቹ ማብቂያ ባሉት ኤምጂቢዎች ላይ ደግሞ 1000 የሚል ታገኛላችሁ። ሁለቱም ኤምጂቢ ናቸው፤ መለኪያቸው ግን አይቀያየርም።

የኪሎሜትሩ መለኪያም የራሱ ቁጥር አለው፤ እሱ ግን የሚናገረው በኪሎሜትር ስንት ዙር እንደሆነ ነው። ስለዚህ ማወዳደር የሚቻለው አካፍሎ ነው። አንድ ማይል 1.609 ኪሎሜትር ነው። 1280ን ለ1.609 ስናካፍል 795 ገደማ ይመጣል። 1000ን ስናካፍል 621 ገደማ። ለኔ መኪና የሚያስፈልገኝ ፊቱ ላይ 795 ወይም ለእሱ በጣም የቀረበ ቁጥር ያለበት ነበር። 800 ቢሆን እንኳ ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ እሺ ያሰኛል። እኔ የገዛሁት ግን 620 ይላል። ለኋለኞቹ መኪኖች የተሠራ ነበር።

ስህተቱ ስንት እንደሚሆን ሳትገዙ ማወቅ ትችላላችሁ። የመኪናውን ዙር ለመለኪያው ዙር አካፍሉ። 795 ሲካፈል ለ620፣ 1.28። በ80 ስትነዱ 103፣ በ100 ስትነዱ 128 ያሳያል። ርቀት ቆጣሪውም በዚያው ልክ ይሮጣል። የሚያሳስተው ወደ ሌላው አቅጣጫ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ዝግ ብላችሁ የምትነዱ እየመሰላችሁ ከሕጉ በላይ ትከንፋላችሁ።

ኤምጂቢ ለሌላችሁም ሐሳቡ አንድ ነው። በጀርመን መኪኖች ላይ ቪዲኦ (VDO) የሚባለው ኩባንያ በሠራው መለኪያ ብዙ ጊዜ «ደብልዩ» ከሚለው ፊደል ጎን ቁጥር አለ። 1.0 ከሆነ ገመዱ በየሜትሩ 1 ጊዜ ይዞራል፤ በኪሎሜትር 1000 ማለት ነው። የጃፓን መኪኖች ደንብ በኪሎሜትር 637 ዙር ነው። የአሜሪካ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ በማይል 1000 ዙር ናቸው። መልኩ አያታላችሁ፤ ቁጥሩን ፈልጉ።

መኪናችሁ በእርግጥ ስንት ዙር ነው?

የድሮ መኪና ታሪኩ ብዙ ነው። ካምቢዮው ተቀይሮ ይሆናል። ዲፈረንሻሉ ተቀይሮ ይሆናል። ጎማው ደግሞ በእርግጠኝነት ተቀይሯል። ስለዚህ ፊቱ ላይ ያለው ቁጥር ፋብሪካው ያሰበው እንጂ ዛሬ መኪናችሁ የሚያደርገው ላይሆን ይችላል። ይህን ራሳችሁ ቁጠሩት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ አንድ ጓደኛ ብቻ ያስፈልጋል።

የጎማውን ንፋስ እንደምትነዱበት ሙሉት። ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልጉ። መሬቱ ላይ በሜትር በጥንቃቄ 20 ሜትር ለኩና ሁለቱን ጫፍ በጠመኔ አስምሩ። የገመዱን የላይኛውን ጫፍ ከመለኪያው ጀርባ ፍቱትና ወደ ታች አውጡት። መሃል ላይ ባለው የብረት ገመድ ጫፍ ትንሽ ወረቀት እንደ ባንዲራ በፕላስተር ለጥፉበት። ማርሹን ነፃ አድርጉ። እናንተ መሪው ላይ ተቀመጡ፤ የሰው ክብደት ጎማውን ትንሽ ስለሚጫነው ይህ ራሱ ለውጥ አለው። ጓደኛችሁ ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ ይግፋ። እናንተ ባንዲራዋ ስንት ጊዜ እንደዞረች ቁጠሩ፤ የመጨረሻዋን ቁራጭ ዙር እንኳ ሳትተዉ።

ያገኛችሁትን በ50 አባዙ። ውጤቱ በኪሎሜትር ስንት ዙር እንደሆነ ይነግራችኋል። የኔ 15.9 ሆነ፤ በ50 ሲባዛ 795። ሦስት ጊዜ ደጋግሙት፣ አማካዩን ውሰዱ። በማይል ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ 20 ሜትር ሳይሆን 16.09 ሜትር ለክቶ በ100 ያባዛ።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው መለኪያውን እየወቀሰ ጥፋቱ ጎማው የሆነበት ጊዜ ብዙ ነውና። ብዙዎቹ ኤምጂቢዎች የሚነዱበት የድሮው ልክ 165/80 በ14 ኢንች ቸርኬ ነው። ዛሬ ያ ጎማ እንደ ልብ ስለማይገኝ 185/60 የሚያስገባ አለ። ይህኛው በቁመቱ ወደ 7 በመቶ ያጥራል። አጭር ጎማ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ብዙ ይዞራል፤ መለኪያው 7 በመቶ አብልጦ ያሳያል። 185/70 ብታስገቡ ግን ልዩነቱ 1 በመቶ አይሞላም። ጎማ ለመቀየር ካሰባችሁ መጀመሪያ ጎማውን፣ ከዚያ ቆጠራውን፣ ከዚያ ግዢውን።

የትኛውን መንገድ ልያዝ?

እኔ የምመክረው ሙሉውን መለኪያ በኪሎሜትሩ መቀየር ነው። ወደ አውሮፓ አህጉር የተላኩት ኤምጂቢዎች ከመጀመሪያው በኪሎሜትር ስለነበሩ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ይገኛል። ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁ። ከፊቱ ታች ያለችው ቁጥር ስንት ናት? የፊቱ ስፋት ስንት ነው? ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ አንዳንዱ 10 ሴንቲሜትር፣ አንዳንዱ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሦስተኛ፣ የአጭር ጉዞ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ የምትመልሰው ማዞሪያ አብራ አለች? ቁጥሯ በግልጽ የምትነበብ ፎቶ ካልላከ አትግዙ። እኔ ያን ፎቶ ሳልጠይቅ ነበር የከፈልኩት።

ሁለተኛው መንገድ የራሳችሁን መለኪያ ለባለሙያ መስጠት ነው። የድሮ መለኪያ የሚያድሱ ሰዎች ፊቱን በኪሎሜትር ይቀይራሉ፣ የቆጣሪውን ጥርስም አብረው ይለውጣሉ፣ ለመኪናችሁ ቁጥርም ያስተካክላሉ። የቆጠራችሁትን 795 ትሰጧቸዋላችሁ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ከመኪናዋ ጋር የተወለደው ዕቃ እዚያው ይቀራል። መኪናዋ ለእናንተ ከዕቃ በላይ ከሆነች ይህን አስቡበት።

ሦስተኛው በገመዱ መሃል የምትገባ ትንሽ የጥርስ ሳጥን ናት። ዙሩን በተወሰነ ልክ ትጨምራለች ወይም ትቀንሳለች። መልካምነቷ መርፌውንም ቆጣሪውንም በአንድ ጊዜ ማስተካከሏ ነው። እኔ የገዛሁት የ620 መለኪያ ለምሳሌ ዙሩን ወደ 0.78 የምትቀንስ ሳጥን ቢገባለት ትክክል ይሆን ነበር። መልኩን የወደደ ሰው መፍትሔ አለው ማለት ነው። ዳሽቦርድ ጀርባ ግን ቦታው ጠባብ ነው፤ ገመዱም በኃይል መታጠፍ የለበትም።

ርቀት ቆጣሪው የማያሳስበው ሰው መስታወቱ ላይ በ30፣ 50፣ 80 እና 100 ኪሎሜትር ቦታ ትንንሽ ምልክት መለጠፍ ይችላል። ነገሩ አያምርም፤ ግን አያታልልም። ለአንድ ክረምት ጉዞ ድንበር ለሚሻገር ሰው ይበቃል።

መፍታት

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ ካቻቢቴ ጠፍጣፋና ባለ መስቀል፣ ትንሽ ፒንሳ፣ የባትሪ ቁልፍ፣ የእጅ መብራት፣ የወረቀት ፕላስተርና እስክሪብቶ። ካምቢዮው ጋ ገመዱን የምትነኩ ከሆነ ክሪክና ሁለት ካቫሌቶ (የተነሳውን መኪና ደግፎ የሚይዝ ማቆሚያ)። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር ፈጽሞ አትግቡ።

1. ባትሪውን ፍቱ። ኤምጂቢ ላይ ባትሪው ሞተሩ ጋ አይደለም፤ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ወለሉ ስር ነው። እስከ 1974 ያሉት ባለ 6 ቮልት ሁለት ባትሪ ናቸው። ዳሽቦርድ ጀርባ እጅ ስትከቱ ሽቦ ከብረት ጋር መነካካቱ አይቀርም፤ ይህን ደረጃ አትዝለሉ።

2. በአሁኑ ቆጣሪ ላይ ያለውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ። ቀኑን ጻፉ። በኋላ ለምን እንደሚያስፈልግ እነግራችኋለሁ።

3. ከመሪው ስር በጀርባችሁ ተኝታችሁ ወደ ላይ እዩ። መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን ሽቦ ከመፍታታችሁ በፊት ፕላስተር ጠቅልላችሁ ቁጥር ጻፉበት። የሽቦዎቹ ቀለም ከሃምሳ ዓመት በኋላ ደብዝዞ አንዱ ከሌላው አይለይም።

4. ገመዱን የያዘውን ጥርስ ጥርስ ያለውን ቀለበት በእጅ ፍቱ። እምቢ ካለ በፒንሳ በቀስታ፤ ጨርቅ ጠቅልላችሁ። ገመዱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡት።

5. የአጭር ጉዞ ቆጣሪዋ ማዞሪያ ከዳሽቦርዱ ስር በትንሽ ዳዶ ተይዛለች። እሷን ፍቱ። ብዙ ሰው ይህችን ረስቶ መለኪያውን ሲጎትት ይሰብራታል።

6. አምፖሎቹ ከነመያዣቸው ተጎትተው ይወጣሉ። ሽቦውን ሳይሆን መያዣውን ይዛችሁ ጎትቱ።

7. መለኪያው ከኋላ በቅስት ብረትና በሁለት የእጅ ዳዶ ታስሯል። ከአንደኛው ዳዶ ስር ጥቁር የመሬት ሽቦ ይኖራል፤ ቦታውን አስታውሱ። ዳዶዎቹን ስትፈቱ በሌላው እጅ መለኪያውን ከፊት ደግፉ። ከዚያ ወደ ፊት፣ ወደ ሹፌሩ በኩል ይወጣል። ከኋላው ያለው ጎሚኒ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ከሆነ አዲስ ግዙ።

ፊቱን ብቻ ለመቀየር ለሚፈልግ

ይህን ለባለሙያ መተው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ራሱ ለመሥራት የቆረጠ ግን ቢያንስ በጥሩ መንገድ ይሥራው።

ከመስታወቱ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት ከኋላ በትንንሽ ጥፍሮች ተይዟል። ቀለበቱን ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ ጥፍሮቹ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ካሉት ክፍተቶች ጋር ሲገናኙ ይነሳል። የደረቀ ጎሚኒ ስለሚይዘው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከኋላ ሁለት ብሎኖች ሲፈቱ የውስጡ ሥራ በሙሉ ይወጣል።

ቀጥሎ ያለው ሁሉንም ነገር የሚወስን ነው። መርፌው ዜሮ ላይ ሲቆም በእውነት ያረፈ አይደለም፤ አንዲት ትንሽ ሚስማር ናት ይዛ ያቆመችው። መርፌውን በጥፍራችሁ በቀስታ ከፍ አድርጋችሁ ከሚስማሯ በላይ አሳልፉት። ከሚስማሯ በታች ወርዶ ይቆማል። እውነተኛው ማረፊያው ያ ነው። ያንን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፣ ፎቶም አንሱ። መርፌውን ስትመልሱ እዚያው ቦታ ካልመለሳችሁት መለኪያው ዕድሜ ልኩን ይዋሻል።

መርፌውን ለመንቀል ከሥሩ በሁለት በኩል የሻይ ማንኪያ አስገቡ። ፊቱ እንዳይጫር ወረቀት አንጥፉ። ሁለቱን ማንኪያዎች እኩል ወደ ላይ ሳቡ። ወደ ጎን አትጎትቱ፤ መርፌው የተተከለበት ዘንግ ከልብስ መስፊያ መርፌ አይወፍርም። ፊቱ በሁለት ጥቃቅን ብሎኖች ነው የተያዘው። የአሉሚኒየሙን ኩባያና ስፕሪንጓን በጣት አትንኩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከ1950ዎቹና ከዚያ በፊት የሆነ መኪና ካላችሁ፣ ቁጥሮቹም በጨለማ እንዲያበሩ የተቀቡ ከሆነ፣ ቀለሙ ራዲየም ሊኖረው ይችላል። ዛሬ ባያበራም ጨረሩ አለ። አትክፈቱት፣ አትፋቁት። ኤምጂቢ የሚበራው በአምፖል ስለሆነ ይህ አያሳስበውም።

ከመግጠም በፊት መፈተሽ

አዲሱን መለኪያ ዳሽቦርድ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት። 60 ኪሎሜትር በሰዓት ማለት በደቂቃ 1 ኪሎሜትር ማለት ነው። ስለዚህ 795 የሚል መለኪያ በደቂቃ 795 ጊዜ ሲዞር ልክ 60 ማሳየት አለበት። ከአሮጌ ገመድ የተቆረጠ፣ ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነ ቁራጭ ድሪል ላይ አስሩና በዚያ ፍጥነት አዙሩት። የድሪላችሁን ፍጥነት በትክክል የማታውቁ ብትሆኑ እንኳ መርፌው ሳይንቀጠቀጥ መውጣቱን፣ ቆጣሪው መዞሩን ታያላችሁ። ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ማዞራችሁን አረጋግጡ፤ በተቃራኒው ከዞረ መርፌው ሚስማሯን ይገፋል።

በዚሁ አጋጣሚ ገመዱን እዩት። የብረት ገመዱን ከሽፋኑ ሳቡና በጨርቅ ጥረጉት። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በጣት አሽከርክሩት፤ አንድ ቦታ ላይ ዘሎ የሚወድቅ ከሆነ ተጣሟል፣ ይቀየር። ደህና ከሆነ ከታች ወደ ላይ ሁለት ሦስተኛውን በጣም ስስ ግሪስ ቀቡት። የላይኛውን 20 ሴንቲሜትር ደረቅ ተዉት። ገመዱ ሲሽከረከር ግሪሱን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ግሪስ መለኪያው ውስጥ ከገባ ማግኔቱና ኩባያው ይጣበቁና መርፌው 100 አልፎ ይሰቀላል። ደግ ያደረጉ መስሏቸው መለኪያ የገደሉ ብዙ ናቸው።

መግጠም

መግጠሙ የመፍታቱ ግልባጭ ነው፤ ሁለት ነገር ላይ ብቻ ልቆይ። መጀመሪያ፣ የብረት ገመዱ ከሽፋኑ ጫፍ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ብቅ ማለት አለበት። ካጠረ አይደርስም፤ ከረዘመ መለኪያውን ከኋላ ይገፋና ይበላዋል። አራት ማዕዘን ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ መግባቱ እስኪሰማችሁ ድረስ በጣት እያዞራችሁ አስገቡ። ቀለበቱን ከዚያ በኋላ በእጅ ብቻ አጥብቁ።

ሁለተኛ፣ ገመዱ የትም ቦታ ላይ በኃይል አይታጠፍ። ማጠፊያው እንደ ትልቅ ሰሃን ዙሪያ ክብ ይሁን፤ ከ15 ሴንቲሜትር ያነሰ ሬዲየስ አይኑረው። መርፌው በዝግታ ስትነዱ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ መለኪያውን ከመጠርጠራችሁ በፊት የገመዱን መታጠፊያ እዩ።

የመሬት ሽቦውን አትርሱ። እሱ ካልተመለሰ ማታ አምፖሎቹ አይበሩም።

መንገድ ላይ

ባትሪውን መልሱ፣ መብራቶቹን ሞክሩ፣ ከዚያ ውጡ። ስልክ ላይ ያለ ጂፒኤስ ለፍጥነት በቂ ነው፤ ግን ቀጥ ያለ ሜዳ መንገድ ላይ፣ ፍጥነቱን ሳትቀያይሩ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ያንብበው። በ50፣ በ80፣ በ100 የጂፒኤሱንና የመርፌውን ጎን ለጎን ይጻፍላችሁ። መርፌው ከእውነቱ በጥቂቱ አብልጦ ቢያሳይ ችግር የለም። አሳንሶ የሚያሳይ ከሆነ ግን ተመልሳችሁ አስተካክሉ።

ቆጣሪውን ለብቻው ፈትሹት፤ የመርፌው ትክክል መሆን ለቆጣሪው ምስክር አይሆንም። በአውራ ጎዳና ዳር የኪሎሜትር ምልክቶች አሉ። አጭር ጉዞ ቆጣሪዋን ዜሮ አድርጋችሁ 20 ምልክት ተከተሉ። እሷም 20 ማለት አለባት። በሰዓት 100 በቋሚነት እየነዳችሁ ከሆነ ደግሞ ከምልክት ወደ ምልክት 36 ሰከንድ ይፈጃል፤ ይህ ስልክ ለሌለው ሰው እንኳ ይሠራል።

የኔ ሁለተኛው መለኪያ በጂፒኤስ 100 ስል 102 ይላል። 20 ኪሎሜትሩን 20 ብሎ ቆጠረው።

የድሮውን ቁጥር መጻፍ

ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ከቁልፍና ከካቻቢቴ ያላነሰ ዋጋ አለው። አዲሱ መለኪያ ከሌላ መኪና የመጣ ስለሆነ ቆጣሪው የሌላ መኪና ታሪክ ይዟል። የናንተ መኪና 48,200 ማይል ሄዳ ከነበር፣ በኪሎሜትር 77,570 ነው። ባለሙያ ቆጣሪውን እዚያ ቁጥር ላይ ሊያደርገው ይችላል። ካልሆነ ሁለቱም ቁጥር ይጻፍ።

አሜሪካ ላላችሁ ይህ ምክር ብቻ አይደለም፤ የፌዴራል ሕግ ነው። ቆጣሪ ሲጠገን ወይም ሲቀየር ከተቻለ የቀድሞውን ቁጥር እንዲያሳይ ይደረጋል። ካልተቻለ ዜሮ ላይ ይደረግና ከመቀየሩ በፊት የነበረው ቁጥርና የተቀየረበት ቀን ተጽፎ በግራው በር ፍሬም ላይ ይለጠፋል። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ደግሞ የመንገድ ምልክቱ በማይል መሆኑን አስታውሱ፤ በኪሎሜትር ብቻ የሆነ መለኪያ እዚያ አይመችም። በተቃራኒው አየርላንድ በ2005 ምልክቶቿን ወደ ኪሎሜትር ስለቀየረች የማይል መለኪያ ያላቸው የድሮ መኪኖች እዚያም የኛው ችግር አለባቸው።

እኔ በሩ ፍሬም ላይ ወረቀቱን ለጠፍኩ። የድሮውን ቁጥር፣ የአዲሱን መነሻ ቁጥር፣ ቀኑን፣ «795» የምትለዋንም ጻፍኩባት። የማይሉን መለኪያ በጨርቅ ጠቅልዬ ከመኪናዋ ሰነዶች ጋር አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ሌላ ሰው እጅ ስትገባ አብሯት ይሄዳል።